«ወፌ ቆመች» የሚለው ማን ነው?

ጨቅላ የቲሞችና የእናታቸው ጊዜ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም አባታቸውን ሳያዩ ተወልደው በየቲምነት ባደጉት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



የቲም ሲባል በብዙዎቻችን ዐይነ ኅሊና የሚመጣው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ደብተር የሚገዛለት፣ የደንብ ልብስ የሚሰፋለት፣ ለዒድ አዲስ ጫማ የሚጠብቅ ልጅ። ለዚህ ልጅ የሚሰጠው ሁሉ መልካም ነው፤ አላህ ይቀበለው። ይሁን እንጂ ሞት፣ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ አባቱን አይታገሥለትም። በሸሪዓችን የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው፤ እናቱ በሕይወት ብትኖርም የቲም ነው። በመሆኑም በእናቱ ማሕፀን ሳለ፣ በአራስ ቤት ሳለ፣ ገና በአንቀልባ ላይ ሳለ የቲም የሆነ ልጅ አለ። ይህ ልጅ ደብተር አይፈልግም፤ ስለዚህም በብዙ ለጋሾች ዘንድ ይረሳል። ለመሆኑ ይህ ጨቅላ የሚፈልገው ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው እርሱን ነው። ባጭሩ ለመናገር፣ ጨቅላው የቲም ከጡት ወተት ቀጥሎ የሚፈልገው የእናቱን ጊዜ ነው።

እድገት የሚጀምረው ከሰው ፊት ነው

አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከአንድ ስንዝር ብዙ ያልራቀውን ነገር ነው። ይኸውም ጡት በሚጠባበት ጊዜ በእርሱና በእናቱ ፊት መካከል ያለው ርቀት መሆኑን ስናስተውል የፈጣሪን ጥበብ እናደንቃለን። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ፈገግታን በፈገግታ መመለስ ይጀምራል። ሦስትና አራት ወር ሲሞላው አንገቱ ይጸናል። ከዚያም መገልበጥን ይለምዳል፤ በእጁ የገባውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ «ባ ባ ባ፣ ማ ማ ማ» እያለ ድምፅ ይደረድራል። ቀጥሎም ይቀመጣል፣ ይድሃል፣ ግድግዳ ወይም የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይቆማል። አንድ ቀን ደግሞ የያዘውን ለቅቆ ለአፍታ ብቻውን ሲቆም ቤተሰቡ ሁሉ እያጨበጨበ «ወፌ ቆመች!» ይለዋል።

ይህን ጭብጨባ ጨዋታ ብቻ አድርገን እንዳንመለከተው ያስፈልጋል። ሕፃኑ ድምፅ ሲያወጣ እናት «አቤት የኔ ጌታ!» ብላ ትመልስለታለች፤ እርሱም ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያም ተራውን ጠብቆ እንደገና ድምፅ ያወጣል። ቋንቋ የሚገነባው ቃላት ከመምጣታቸው አስቀድሞ በዚህ መመላለስ ነው። ሲቆም የሚያጨበጭብለት ያገኘ ልጅ ወድቆም ቢሆን መልሶ ይነሣል። መልስ የሚሰጠው ያጣ ሕፃን ግን በመጀመሪያ ይሞክራል፣ ከዚያም ያለቅሳል፣ ነገሩ ወራት ከቀጠለ ደግሞ መሞከሩን እየተወ ይሄዳል። ዝም ያለ ሕፃን ሁልጊዜ «ጨዋ ልጅ» አይደለም፤ አንዳንዴ የሚመልስለት ያጣ ልጅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ ከአጋሮቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የሕፃናት እንክብካቤ ማዕቀፍ አንድ ሕፃን የሚያስፈልጉትን አምስት ነገሮች ዘርዝረዋል። እነርሱም ጤና፣ በቂ ምግብ፣ ለሕፃኑ ምልክት መልስ የሚሰጥ አሳዳጊ፣ የመማር ዕድል እና ከአደጋ መጠበቅ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛው በገበያ አይሸጥም። የሚገኘው ልጁን ከሚያውቀውና ልጁም ከሚያውቀው ሰው ዘንድ ብቻ ነው።

ልጅን ከልጅ ማወዳደር

«የእከሌ ልጅ በዐሥር ወሩ ሄደ፤ የኔ ልጅ ዓመት አልፎት ገና ነው» የሚለው ጭንቀት በየቤቱ ይሰማል። ባሏ የሞተባት እናት ዘንድ ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነው፤ የልጁን መዘግየት ሁሉ ከሐዘኗ ጋር ታያይዘዋለችና።

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በዩናይትድ ስቴትስ ጤናማ ሕፃናትን አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ውጤት መሠረት፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4ኛው እስከ 9ኛው ወር ገደማ፣ በእጅና በጉልበት መዳህ ከ5ኛው ወር እስከ 13 ወር ተኩል፣ ብቻውን መቆም ከ7ኛው እስከ 17ኛው ወር፣ ብቻውን መራመድ ደግሞ ከ8ኛው ወር እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ይታያል። ከሕፃናቱም ከመቶ አራት ያህሉ በጉልበታቸው ሳይድሁ በቀጥታ ወደ መቆምና ወደ መራመድ አልፈዋል። ስለዚህ በ10 ወሩ የሄደውም በ16 ወሩ የሄደውም ጤናማ ሊሆኑ ይችላሉ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ከሆነም ዕድሜው መታሰብ ያለበት መወለድ ከነበረበት ቀን አንሥቶ ነው።

ይህ ማለት ግን ምልክቶችን ችላ እንበል ማለት አይደለም። ሦስት ወር አልፎት ፈገግታን የማይመልስ፣ ለድምፅ የማይነቃ፣ ዘጠኝ ወር አልፎት ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት የማይራመድ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል። በማንኛውም ዕድሜ ቀድሞ ይችለው የነበረውን ነገር ያጣ ልጅ ደግሞ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

የአንዲት እናት ውሎ

በምንጎበኛቸው ቤቶች ደጋግመን የምናየው ውሎ የሚከተለውን ይመስላል። እናት ከሱብሒ ሶላት በኋላ እሳት ታነድዳለች፤ ለሽያጭ የሚሆነውን እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑ በጀርባዋ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ወደ ጉልት ወይም ልብስ ወደምታጥብበት ቤት ትሄዳለች። ሕፃኑን ይዛው እንዳትሄድ አሠሪዎቿ አይወዱም፤ ትታው እንዳትሄድ የሚጠብቅላት የለም። አባት ቢኖር ኖሮ ከሥራ ሲመለስ ለግማሽ ሰዓት እንኳ ይቀበላት ነበር። አሁን ግን የሚቀበላት የስምንት ዓመት ታላቅ እኅቱ ናት።

እዚህ ላይ ለጋሾች ልብ እንዲሉልን የምንሻው ነገር አለ። ያቺ እኅት በእኛ መዝገብ ላይ «ትምህርቷ የሚከፈልላት የቲም» ተብላ ልትጻፍ ትችላለች። ሆኖም ሕፃኑን የሚይዝ ሲጠፋ ከትምህርት የምትቀረው እርሷ ናት። ለታላቂቱ የተከፈለው ገንዘብ ለታናሹ ባልታሰበለት ቀዳዳ ይፈስሳል ማለት ነው።

አንዳንዴም እኅት አትኖርም። ያን ጊዜ እናት ልጇን አጥብታ፣ አስተኝታ፣ በሩን ዘግታበት ትሄዳለች። በጨለማ ቤት የሚውል ሕፃን የሚያጣው ጨዋታን ብቻ አይደለም። የፀሐይ ብርሃን ቆዳን ሲነካ ሰውነት ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ አጥንት የሚጠነክረው በእርሱ ነው። ይህ ሲጎድል ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ ይመጣል፤ ልጁ ዘግይቶ ይቀመጣል፣ ዘግይቶ ይቆማል፣ ሲራመድም እግሩ ይወለግዳል። እናቶቻችን ሕፃንን የጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት በከንቱ አልነበረም። ለዚያ ግን ቤት የሚውል ሰው ያስፈልጋል።

በዚህ ውሎ ውስጥ ልብን የሚነካ ሌላም ጊዜ አለ። ሕፃኑ በሰባት ወይም በስምንት ወሩ «ባ ባ ባ» ማለት ሲጀምር እናት «አባቱን ጠራ» ብላ ታለቅሳለች። ለእነዚህ እናቶች እውነቱን በርጋታ ልንነግራቸው ይገባል። ይህ ድምፅ አባቱ ያለውም የሌለውም ሕፃን ሁሉ የሚያወጣው፣ ለከንፈር የቀለለ ድምፅ ነው። ሕፃኑ የጠፋበትን ሰው እየፈለገ አይደለም፤ ንግግር እየተለማመደ ነው። የሚገባው መልስም ለቅሶ ሳይሆን «ባ ባ ባ» ብሎ መልሶ ማጫወት ነው። ስለ አባቱ የሚነገረው ሁሉ፣ ስሙም መልካም ሥራውም፣ ጊዜው ሲደርስ በዱዓእ ታጅቦ ይነገረዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት

እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሩማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በሕፃናት ማሳደጊያዎች በሚኖሩ 136 ሕፃናት ላይ ጥናት ተካሂዶ ነበር። በማሳደጊያዎቹ ምግብና መኝታ ነበር። ያልነበረው ግን ለእያንዳንዱ ሕፃን የራሱ የሆነ፣ የማይለዋወጥ ሰው ነው፤ ጥቂት ሠራተኞች ብዙ ልጆችን በፈረቃ ይጠብቁ ነበርና። ከሕፃናቱ ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ወደ አሳዳጊ ቤተሰቦች ሲገቡ በአእምሮና በስሜት እድገታቸው ከቀሩት የተሻሉ ሆኑ። በብዙ መለኪያዎችም ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሙት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ነበሩ።

ሁለት ዓመት የሚለው ቁጥር ለሙስሊም ጆሮ እንግዳ አይደለም። በሱረቱል በቀራህ 233ኛ አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ማጥባትን ለመሙላት ለሚሻ ጊዜውን ሁለት ሙሉ ዓመት አድርጎ ወስኗል። በዚያው አንቀጽ የአጥቢዋ እናት ምግብና ልብስ በአባት ላይ እንደሆነ ይደነግግና አባት በሌለበት ተመሳሳዩ ግዴታ ወደ ወራሹ እንደሚዞር ያመለክታል። ወራሹ ማን እንደሆነ ዑለማኦች በዝርዝር ተነጋግረውበታል። ለእኛ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ለጨቅላው የሚደርሰው ቀለብ የሚያልፈው በእናቱ በኩል ነው። ወዲያው ቀጥሎ ያለው 234ኛው አንቀጽ ባሎቻቸው ስለሞቱባቸው ሴቶች የዒዳ ጊዜ የሚናገር መሆኑን ስናይም የአጥቢ እናትና የባል አልባዋ ጉዳይ ጎን ለጎን መቀመጡን እናስተውላለን።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ራሱ የዚህ ምስክር ነው። አባታቸው ዐብዱላህ ሳይወለዱ ሞተ። ሱወይባ ከዚያም ሐሊማ አስ-ሰዕዲያ አጠቧቸው። በስድስት ዓመታቸው እናታቸው አሚና አብዋእ በተባለው ስፍራ ስትሞት እጃቸውን ይዛ ወደ መካ የመለሰቻቸው በረካ፣ ማለትም ኡሙ አይመን ነበረች። ይህቺ ሴት ሐበሻዊት እንደነበረች የሲራ ጸሐፊዎች ይናገራሉ፤ ነቢዩም ከእናታቸው ቀጥሎ እንደ እናት ያከብሯት ነበር። የሀገራችን ልጅ ለዓለም እዝነት ለተላኩት የቲም ጊዜዋን የሰጠች መሆኗ ለእኛ ክብርም አደራም ነው። እርሳቸውም በተራቸው የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን በሶላት ላይ ሳሉ ተሸክመዋት ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧት፣ ሲነሡም መልሰው ያቅፏት እንደነበር፣ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙም ለእናቱ ሲሉ ሶላቱን ያሳጥሩ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ከኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ታሪክም ለድጋፍ ሰጪዎች በቀጥታ የሚመለከት ዘገባ አለ። አንድ ሌሊት ከመዲና ውጭ ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕፃን ለቅሶ ይሰማሉ፤ ደጋግመው ወደ እናቱ ሄደው ምክንያቱን ይጠይቃሉ። እናቲቱም ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ልጁን ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን፣ ይህንንም የምታደርገው ዑመር ቀለብ የሚሰጡት ጡት ለተወ ልጅ ብቻ ስለሆነ መሆኑን ትነግራቸዋለች። ዑመርም በዚያ ቀን የሱብሒ ሶላት ከለቅሶ ብዛት ቅራታቸው በቅጡ እስከማይሰማ ድረስ አለቀሱ። ወዲያውም እናቶች ልጆቻቸውን ጡት ለማስጣል እንዳይቸኩሉ፣ ከእንግዲህ ለሚወለድ ልጅ ሁሉ ቀለብ እንደሚቆረጥለት አሳወጁ። በጎ ታስቦ የወጣ ሥርዓት መነሻ ዕድሜው በመሳቱ ብቻ ሕፃናትን ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አናውቅም። ድጋፋችንን ከትምህርት ቤት ደጃፍ የምንጀምር ከሆነ ይህ ታሪክ ለእኛም የተነገረ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የቲምን መመዝገብ ከእርግዝና ይጀመር። ባሏ የሞተባት ነፍሰ ጡር በሰፈራችሁ ካለች ልጁ እስኪወለድ ሳትጠብቁ አሳውቁን። በሰባተኛው ቀን የዐቂቃውንና የስሙን ነገር የሚያስታውስ እንዳይጠፋም ዘመድና ጎረቤት ይነጋገሩበት።

ሁለተኛ፣ የወር ድጋፉ ሲተመን የሕፃኑ ወተትና ልብስ ብቻ አይታሰብ፤ እናቲቱ ቤት በመዋሏ የምታጣው የቀን ገቢም ይታሰብ። ቢቻል ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው፣ ባይቻል ከቤቷ ሳትወጣ የምትሠራው ሥራ እስኪገኝላት ድረስ ይቀጥል።

ሦስተኛ፣ የቆርቆሮ ወተት ይዞ መሄድ መልካም ስጦታ ቢመስልም ለምታጠባ እናት ግን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ሕፃኑ መጥባቱን በቀነሰ መጠን የእናቱ ጡት ወተት ይቀንሳል፤ ውኃው ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ይከተላል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል፤ ከ6 ወር በኋላ ከጡቱ ጋር ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። ስለዚህ የወተቱን ዋጋ ለእናቲቱ ምግብ አድርጉት። እናቱንም ያጣ ጨቅላ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። እርሱን ከዘመድ የምታጠባው ሴት ብትገኝ፣ በማጥባት የሚመጣውን ዝምድና ዓሊም ጠይቆ በጽሑፍ ማኖር ያስፈልጋል፤ ነገ ለጋብቻ የሚከለከሉት እነማን እንደሆኑ እንዲታወቅ።

አራተኛ፣ የክትባት ቀኖችን አብራችሁ ያዙ። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛውና በ15ኛው ወር እናት የቀን ገቢዋን ትታ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። በዚያ ቀን የሚሸኛት ሰው ወይም የትራንስፖርት ገንዘብ ማግኘቷ ቀላል ነገር አይደለም። የሕፃኑ እድገትም የሚታየው በዚሁ አጋጣሚ ነው።

አምስተኛ፣ አያት፣ አጎት ወይም የቅርብ ዘመድ የሆነ ሰው ሕፃኑን በየቀኑ የሚያቅፍበት ጊዜ ይኑረው። ከዐስር ሶላት በኋላ ግማሽ ሰዓት ሕፃን መያዝ ለእናት ዕረፍት፣ ለልጁም ሁለተኛ የሚያውቀው ፊት ነው።

ስድስተኛ፣ ጉብኝታችሁ ልጁን የሚያከብር ይሁን። ዘጠኝ ወር አካባቢ የደረሰ ሕፃን እንግዳ ሲያቅፈው ቢያለቅስ አትቀየሙ፤ የራሱን ሰው ከሌላው ለይቷል ማለት ነውና ደስ ይበላችሁ። ይልቅስ ለመጣ ሁሉ እጁን የሚዘረጋ፣ እናቱ ብትወጣም ብትገባም ግድ የማይሰጠው ሕፃን ካያችሁ ጉዳዩን በርጋታ አሳውቁን። ለፎቶግራፍ ተብሎ ከእናቱ እቅፍ መንጠቅም አይገባም።

ሰባተኛ፣ ስለምትረዱት ጨቅላ የሚደርሳችሁ ወሬ የፈተና ውጤት የለበትምና ትንሽ መስሎ አይታያችሁ። «በዚህ ወር ያለ ድጋፍ ተቀመጠ»፣ «ሁለት ጥርስ አበቀለ»፣ «ግድግዳ ይዞ ቆመ» የሚለው ቃል የልጁ የደረጃ ወረቀት ነው። እናቶችም እነዚህን ቀኖች በደብተር ጫፍ እንዲያስጽፉ እናበረታታለን። አባት ሊያየው ይገባ የነበረ ነገር ሁሉ ሳይጻፍ እንዲቀር አንሻም።

የየቲም ኃላፊ የሆነ ሰው በጀነት ምን ያህል እንደሚቀርባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አመልካችና መሐል ጣታቸውን አንሥተው ማሳየታቸውን ሁላችን እናውቃለን። ያ ቅርበት የተነገረው ትምህርት ቤት ለደረሰው የቲም ብቻ ሲባል አይደለም። ዛሬ የቀሚስ ጫፍ ይዞ ለመቆም የሚሞክር ሕፃን አለ፤ ሲቆም ቀና ብሎ የሚያየው ፊት ይፈልጋል። ያ ፊት የእናቱ ነው። ያን ሰዓት ቤቷ እንድትገኝ ማድረግ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

አላህ ከሰጪዎቹም ከተቀባዮቹም ይቀበለን፤ የቲሞቻችንን በመልካም እድገት ያሳድግልን፤ እናቶቻቸውንም በሶብር ያጽናልን። አሚን።